ራቢያ አለች

ሰው ስለ ራቢያ ቦንሳ ሲያወራ ከሰማንያኛው ደቂቃ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት የነበረውን ጨዋታ የሚያስታውስ የለም፣ ማስታወስ የሚፈልግም የለም። እኔ ግን የኮሌጃችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነኝ፤ በረኛ ደግሞ ኳሱ ወዲያ ማዶ ሲሆን ቆሞ ከማየት በቀር ሥራ የለውም። የአሰላ ንፋስ ጆሮዬን እየገመጠኝ፣ ከቋሚ ቋሚ እየተመላለስኩ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። በዚያ ላይ ከራቢያ ጋር አንድ ዶርም ነን፤ ተደራራቢው አልጋ ላይ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች። ስለዚህ ስለ እሷ ማንም መጥቶ ሊያስረዳኝ አይሞክር።

ራቢያ የዴራ ልጅ ናት። ከአሰላ ወደ ቆላው ሲወርዱ መንገድ ዳር የምትገኘው፣ አቧራና ሙቀት የማያጣት ዴራ። አባቷ አቶ ቦንሳ ከብት ይነግዳሉ። እሷ ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ጥቁር ሻርፗን ጭንቅላቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራ መሃል ሜዳ ላይ ትጫወታለች። ላያት ሰው የምታስፈራ አትመስልም። በዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ አንድ ለባዶ እየተመራን፣ ዳኛው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር፣ ይህቺው ቀጭን ልጅ ከመሃል ኳስ ይዛ ተነሳች። ያገኘችውን ሁሉ እያለፈች ሄዳ አገባች። ወዲያው ደግሞ ለአጥቂያችን ለፈናን አንድ ኳስ አሾልካ ሰጠቻትና ፈናን ጨረሰችው። በሁለተኛው ጨዋታ በጭቃ ውስጥ፣ በባከነ ሰዓት፣ ከቅጣት ምት አገባች። በሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። እኛ ስንጮህ፣ ስንላቀስ፣ እሷን ተሸክመን ሜዳውን ስንዞር ከረምን።

ነገሩ የተበላሸው እትዬ ተሻለች ሱቅ ውስጥ ነው። እትዬ ተሻለች ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ሳሙና፣ ብስኩትና የፀጉር ቅባት የሚሸጡ ሴትዮ ናቸው። እንደ ብዙ የአሰላ ነጋዴ ሚልኪ ያያሉ። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት መጀመሪያ የገባው ሰው እግሩ ቀና ከሆነ ቀኑን ሙሉ ገበያው ይቀናል፤ እግሩ ካልቀና ዝንብ ሲያባርሩ መዋል ነው። ከሁለተኛው ጨዋታ ማግስት ራቢያ በጠዋት ሳሙና ልትገዛ ገባች። በዚያው ቀን ከዲክሲስ ለስብሰባ የመጡ መምህራን አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሆነው እበሩ ላይ ወረዱና መደርደሪያውን ባዶ አስቀሩት። እትዬ ተሻለች በቃ ወሰኑ።

ከዚያ በኋላ ሱቃቸውን ከፍተው በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። "ራቢያዬ፣ ነይ እስኪ ግቢና ውጪልኝ! ምንም አትግዢ፣ እግርሽን ብቻ!"

ነገሩ ይህን ያየው ጎረቤት ሁሉ ጋ ተዛመተ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠራት፣ ጭማቂ ቤቱ ጠራት። ጎሚስታው ሳይቀር "በእኔም በኩል እለፊ" ይላታል፤ የሰው ጎማ እንዲፈነዳለት መሆኑ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ሒሳብ አልቀበልሽም ብለው ያስቸግሯታል። ፈተና ሲደርስ ብዕሯን የሚዋሱ ልጆች ዶርማችን በር ላይ ይሰለፋሉ። አንዷማ አርቦዬ ያለች የእናቷ ላም በሰላም እንድትወልድ በስልክ "አይዞሽ" በይልኝ ብላ ለመነቻት፤ ለእናቷ ይሁን ለላሟ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ራቢያ እምቢ ማለት አታውቅም። ሁሉም ጋ ገብታ ስትወጣ የጠዋቱ ክፍል ያልፋታል፣ መምህሩም በር ላይ ያቆማታል። እኔ "ለምን ዝም ትያለሽ?" ብዬ ስቆጣ "ምን ልበላቸው መቅዲ፣ ክፉ አላሰቡም እኮ" ትለኛለች።

እዚህ ድረስ ለሳቅ ይመቻል። ሜዳ ውስጥ ሲገባ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ፈናን የዲክሲስ ገበሬ ልጅ ናት፤ ስትሮጥ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ተከላካዮችን ስታስጨንቅ የምትውል ልጅ ነበረች። የሚልኪው ወሬ ከመጣ ወዲህ ኳስ ካመለጣት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማ ታያለች። "ምነው?" ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ "ራቢያ አለች።" ተከላካዮቹም ያው ናቸው። ጎል ሲገባብን እኔ መሬት እየደበደብኩ ስጮህ መጥተው ትከሻዬን ነካ ያደርጉና "አይዞሽ፣ ራቢያ አለች" ይሉኛል። አሰልጣኛችን ጋሽ አስናቀ እንኳ፣ ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡ የስፖርት መምህር፣ እዚያ ሰሌዳ ላይ ቀስት ሲያበዙ የነበሩት ሰውዬ፣ ሰሌዳውን ትተውታል። "እስከ ሰባኛው ደቂቃ ብዙ አይግባባችሁ። ከዚያ በኋላ ራቢያ አለች" ብለው ፊሽካቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። አሥራ አንድ ሆነን እንገባለን እንጂ የምትጫወተው አንዷ ነበረች፤ እሷም መጨረሻ ላይ።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን ማልያ ለብሰን ስንጨርስ ራቢያ አልነበረችም። ልፈልጋት ወጣሁ። ከመልበሻ ክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ታስመልሳለች።

"ምን በልተሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም።"

"ምንም ሳይበላ ይህ ሁሉ ከየት ይወጣል? ጋሽ አስናቀን ልጥራ።"

እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር። "አትጥሪ፣ ማሎ፣ እባክሽ። ሁልጊዜ ነው እኮ። አንቺ ዛሬ ስላየሽ ነው።"

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። አፏን በሻርፗ ጫፍ ጠራረገችና ጭላሎ ተራራ ላይ የተኛውን ጉም እያየች ነገረችኝ። ድምጿ እንደ ወትሮው ቀስ ያለ ነው፤ ወሬው ግን ለረጅም ጊዜ ታፍኖ የቆየ ነበር።

"ጨዋታው ሲጀመር እግሬ አይሰማኝም። እውነቴን ነው፣ የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል። ሁሉም ሲያየኝ አውቃለሁ። እናንተም ታዩኛላችሁ። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ‘አሁን ካላገባሁ እትዬ ተሻለች ምን ይላሉ፣ ጋሽ አስናቀ ምን ይላሉ’ እላለሁ። ከዚያ እሮጣለሁ። ካገባሁ ያልቃላ! ወደ ቤት እንሄዳለን። እንዲያልቅልኝ ነው የምሮጠው መቅዲ።"

 ከተማው ሁሉ ጀግንነት ነው፣ ሚልኪ ነው፣ ስጦታ ነው ሲለው የከረመው ነገር ፍርሃት ኖሯል። አንጀቴን በላችኝ።

"ከፍጻሜው በኋላ አልጫወትም" አለች። "ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው። ታኬታዬን ለእህቴ እሰጣታለሁ።"

"አንቺ? ኳስ ሳትነኪ ልትውዪ?"

"ኳስማ እወዳለሁ።" እንባዋ መጣ። "ዴራ አቧራው ላይ ከወንድሞቼ ጋር ስጫወት ብስት እንስቅ ነበር። ማንም ምንም አይጠብቅብኝም። እዚህ መሳት የለም። አንድ ቀን እስታለሁ፤ የዚያን ቀን የት እንደምገባ አላውቅም። ሳይመጣ ልተወው።"

በዚያ ቀንም አገባች። በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ በግራ እግሯ፣ ከሳጥኑ ውጭ። ተሸክመናት ስንጨፍር ከታች ሆኜ ፊቷን አየሁት፤ ጥርሷ ይስቃል፣ ዓይኗ ግን የምትወርድበትን ቦታ ይፈልጋል። ፍጻሜው የሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ አሰላ ስታዲየም ነበር፤ ያቺን አንድ ሳምንት ቆሽቴ ሲያርር ከረመ።

እኔ ሆዴ ነገር አይችልም። ሚስጥሯን ባላወጣም ለጋሽ አስናቀ "ራቢያ ደክሟታል፣ ሌሎቻችንም እንድንጫወት ይንገሩን እንጂ" አልኳቸው። "እሷን እንዳትነኪብኝ" አሉኝ። "የሚሠራን ሞተር ማን ይፈታል?" ይባስ ብለው በሚቀጥለው ልምምድ እሷ እንዳትጎዳ ብለው ዳር አስቀመጧት። ፈናንን ደግሞ ካፌ በር ላይ አገኘኋትና አፋጠጥኳት።

"አንቺ አጥቂ ነሽ ወይስ ተመልካች?"

"ምን አደረግሁሽ ደግሞ?"

"ምንም አላደረግሽም! እሱን ነው የምልሽ። ቆመሽ ነው የምትውዪው።"

"አትቆጪ መቅዲ፣ ኳሱ እኮ ራቢያን ነው የሚወዳት" ብላ ሳቀች። ዳቦዋን ሰጠችኝ። ልመታት ነበር፤ ዳቦውን በላሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከዶርም ስንወጣ እትዬ ተሻለች ብቻ ሳይሆኑ መንገዱ ሁሉ ቆሞ ይጠብቀናል። ራቢያን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ሱቅ ለሱቅ አዞሯት። በመጨረሻ ደሜ ፈላና መሃል ገባሁ።

"እትዬ ተሻለች፣ ይብቃ! ልጅቷ ቁርስ አልበላችም።"

"አንቺን ማን ጠራሽ?" አሉኝ ዓይናቸውን እያጉረጠረጡ። "ለሷው ብለን እኮ ነው። ከተማው ሁሉ ከኋላዋ መሆኑን ትወቅ ብለን ነው።"

ያላወቀችው እሱን መሰላቸው። ክንዷን ይዤ ጎትቼ ወሰድኳት፤ በስተኋላችን ስድብ ይወርድብኛል። ስታዲየሙ በር ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። አቶ ቦንሳ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የከብት ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጃቸው ስትጫወት አይተው አያውቁም፤ ዝናዋ ዴራ ድረስ ወርዶ ከብት ገበያው ላይ ሰው እየጠየቀ አላስቀምጥ ብሏቸው ነው የመጡት። ራቢያ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። እሳቸው ዱዓ አድርገውላት "በርቺ" ብቻ አሏት። እሷ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ "አባዬም መጣ" አለችኝ፤ ቤቷ ተቃጠለ የተባለች ሴት ድምፅ ነበር።

ተጋጣሚዎቻችን ከስምጥ ሸለቆው በኩል የመጡ የሌላ ኮሌጅ ልጆች ነበሩ፤ ረጃጅሞች፣ የተደራጁ፣ የማይጮሁ። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገቡብን፤ እጄ ነክቶት ነው የገባው፣ አሁንም ያናድደኛል። ከዕረፍት በፊት ከማዕዘን ምት በተፈጠረ ግርግር የእነሱው ተከላካይ በጉልበቷ ወደ ራሷ መረብ ከተተችውና አንድ እኩል ሆንን። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ጀመርን። እውነቱን ልናገርና ሃምሳ ደቂቃ ያህል ኳስ አልተጫወትንም፤ ሰዓት ነው ያየነው። እነሱ ይመታሉ፣ እኔ እዘላለሁ፣ ጉልበቴ ተላላጠ። ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ሕዝቡ ተነስቶ ማጨብጨብ ጀመረ፦ "ራ-ቢ-ያ! ራ-ቢ-ያ!" እትዬ ተሻለች ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ከሁሉም በላይ ይጮሃሉ። መሃል ሜዳ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትተነፍስ አየኋት። በልቤ አምላኬን "በቃ ማንም ይግባበት ማንም ያግባ፣ ይለቅላት" አልኩት።

በባከነው ሰዓት ራቢያ ኳስ አሾለከች። ፈናን በስንት ጊዜዋ ሮጠች፤ ሳጥን ውስጥ ጠለፏት። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት አሉ። ስታዲየሙ ሊፈርስ ሆነ። ሰው ከመምታቷ በፊት ተቃቀፈ፣ ጋሽ አስናቀ ተጠባባቂዎቹን መሳም ጀመሩ። ከሜዳው ሌላ ጫፍ ሆኜ ራቢያ ኳሱን ስታስቀምጥ፣ አንስታ ደግማ ስታስቀምጥ አየሁ። ማየት አልቻልኩም፤ ማየትም አልተውኩም።

መታችው። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ወጣ፣ ከአጥሩ በላይ ወጣ፣ ውጭ የቆመ ባጃጅ ጣራ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ያን ያህል ጸጥ ብሎ ነበር።

 ራቢያ የመታችበት ቦታ ላይ እንደቆመች ናት።  እኔ ከዚያ ተነስታ በበሩ ወጥታ፣ በዚያው ዴራ ድረስ የምትሮጥ መስሎኝ ነበር። ይሄኔ ከጥላው በኩል አንድ ሻካራ ድምፅ ተሰማ። አቶ ቦንሳ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ይጣራሉ፦

"ያ ራቢያ! ረኮ ህንቀቡ! ምንም አይደለም ልጄ፣ ምንም አይደለም! የእኔም ወይፈን ትናንት አምልጦኛል!"

ሰው ሳቀ። የማላገጥ ሳቅ አልነበረም፤ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ ነው የወጣው። አንዳንዱም አጨበጨበ። ዳኛው ፊሽካቸውን ነፉ። በውድድሩ ደንብ ጭማሪ ሰዓት የለም፤ ወደ መለያ ምት ነው የምንሄደው።

ተሰበሰብን። ጋሽ አስናቀ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ተከላካዮቻችን እያለቀሱ ነው። ራቢያ በሩጫ መጣችና ጓንቴን ከነጭቃው ያዘችው። ልታለቅስ ነው ብዬ ክንዴን ዘረጋሁላት።

"መቅዲ፣ ሳትኩ!" አለችኝ። ዓይኗ ያበራል። እህቴ ወለደች ብላ የምታበስር ነው የምትመስለው።

"ሆን ብለሽ ነው?" አልኳት ድምፄን ቀንሼ።

"አብደሻል?" ተቆጣች፤ ራቢያ ስትቆጣ ያን ቀን ነው ያየሁት። "ላገባው ነበር! በጣም ነው ያናደደኝ! ግን አየሽ፣ ሳትኩና ምንም አልሆንኩም። አባዬ እንኳ እዚያው ነው ያለው። የሚገርም ነገር እኮ ነው።"

ጋሽ አስናቀ ከድንጋጤያቸው ነቅተው የመቺዎቹን ተራ መደልደል ጀመሩ። "ራቢያ፣ አንቺ እንደተለመደው መጨረሻዋ፣ አምስተኛ። መቼም አንዴ ነው የሚሳተው" አሏት።

"አይሆንም ጋሼ" አለች። ሁላችንም ዞር አልን። "አንደኛ እኔ ልምታ።"

"አሁን ስተሽ ወዲያው?"

"አዎ፤ ስቼ ወዲያው። መጨረሻውን ፈናን ትምታ።"

ፈናን ግራ ቀኝ አየች፤ ሌላ ፈናን ያለች ይመስል። "እኔ? ኧረ ራቢያ፣ እኔ እኮ... አንቺ እያለሽ..."

"እኔማ እመታለሁ፤ አንደኛ" አለች ራቢያ ረጋ ብላ። "አንቺ አጥቂ ነሽ። ስትመቺ ደግሞ መሬት ነው የሚንቀጠቀጠው። ብትስቺም አብረን ሳትን ማለት ነው።"

ጋሽ አስናቀ የፈናንን ስም መጨረሻ ላይ ጻፉ። ክርክር የሚገቡበት ጊዜ አልነበረም። ፈናን ካልሲዋን ወደ ላይ መሳብ ጀመረች፤ ካልሲው ጉልበቷን አልፎ መሄጃ ሲያጣም አልተወችውም።

ተጋጣሚዎቻችን ቀድመው መቱ፣ አገቡ። ቀጥሎ ራቢያ መጣች። ሕዝቡ ማጨብጨብም ዝም ማለትም ፈርቶ ነበር። ኳሱን አንዴ አስቀመጠች፣ ብዙም ሳትንደረደር በጎን መታችው፤ በረኛዋ ወደ ቀኝ ስትወድቅ ኳሱ በግራ ቀስ ብሎ ገባ። አልጨፈረችም። ወደ መሃል ሜዳ ተመልሳ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ከተጠባባቂዎቹ ብርቱካን ተቀብላ መላጥ ጀመረች። በዓመቱ ውስጥ ራቢያ ጨዋታ ላይ ስትበላ አላየሁም።

ከዚያ በኋላማ ጩኸታም ሆነች። "መቅዲ በግራ ነው! ይቺ በግራ ነው የምትመታው!" ትለኛለች ከመሃል። በግራ ወደቅሁ፤ ኳሱ በቀኝ ገባ። "እግዜር ይስጥሽ!" ብዬ ጮህኩባት። "ይቅርታ!" አለች ብርቱካን አፏ ውስጥ እያለ፣ እየሳቀች። መሳሳት እንደ ከረሜላ ጣፈጣት። እኛ ሁለተኛውን አገባን። እነሱ ሦስተኛውን ወደ ውጭ ሰደዱት፤ እኛም ቋሚ መታን። አራተኛውን ሁለታችንም አገባን። አምስተኛውን ልትመታ የመጣችው ረጅሟ አምበላቸው ነበረች። ማንንም አልሰማሁም፤ ራቢያንም። መሃል ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፣ መታችው፣ እግሬ ላይ ነጥሮ ወጣ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የቀረችው ፈናን ናት። ካገባች ዋንጫው የእኛ ነው። ከመሃል እስከ ሳጥኑ ስትመጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልይ ይሁን ትሳደብ አላወቅሁም። በአጠገቤ ስታልፍ "መቅዲ፣ እግሬ አይሰማኝም" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። "እንደዚያ ነው የሚሆነው። ዝም ብለሽ ምቺው።"

መታችው ብል ይከብደኛል። መጀመሪያ የመታችው መሬቱን ነው፤ ሣር ከነአፈሩ ተነሳ፣ ኳሱ ከአፈሩ ጋር ተነሳ። በረኛዋ ደረሰችበት፣ በእጇ ነካችው፣ ኳሱ ከእጇ ሥር ወጥቶ መስመሩ ላይ ሊቆም ደረሰ፣ ከዚያ እንደ ሰነፍ በግ እየተጎተተ ገባ። ፈናን ጭንቅላቷን ይዛ መሬት ላይ ተንበረከከች። "ገባ? ገባ እንዴ?" ትላለች።

የሆነውን መናገር አልችልም። ቡድኑ በሙሉ ከመሃል ሜዳ እየተንደረደረ መጥቶ ፈናን ላይ ተከመረ። ጋሽ አስናቀ ፊሽካቸውን እየነፉ ተከመሩ። ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ገባ። እትዬ ተሻለች ነጠላቸውን እያውለበለቡ "ፈናንዬ! የእኔ እመቤት!" እያሉ በአጠገቤ አለፉ፤ ሰኞ ጠዋት የማንን እግር እንደሚፈልጉ ያኔውኑ ገባኝ። እኔም ልሮጥ ስነሳ ወደ መሃል ሜዳ ዞር አልኩ።

ራቢያ ብቻዋን ቆማለች። ያ ሁሉ ሰው በግራ በቀኟ አልፏት ሄዷል፣ ትከሻዋን እንኳ የነካት የለም። ግማሽ ብርቱካን በእጇ ይዛለች፣ ጭማቂው በክንዷ ላይ ይወርዳል፣ እንባዋም ይወርዳል። ወደ እሷ ሮጥኩ። እነዚህ ውለታ ቢሶች ብዬ ልሳደብ አፌን ከፍቼ ነበር።

"ራቢያ! ምን ሆንሽ?"

"ማንም ወደ እኔ አልመጣም" አለች።

"እነሱ እኮ..."

"አይ መቅዲ፣ ተይኝ፣ አየሽ? ማንም አልመጣም እኮ!" ሳቋ ከለቅሶዋ ጋር ተደባልቆ ፈነዳ። አየሩ ደረቷ ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ እስከ ዛሬ በግማሽ ሳንባ ስትተነፍስ የኖረች ነው የምትመስለው። እኔም ያን ሳምንት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ መቆየቴ የገባኝ መንጋጋዬ ሲላላ ነው። እፎይ አልኩ፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አቅፌያት አለቀስኩ፣ ብርቱካኑ በመካከላችን ተጨፈለቀ።

ከእቅፌ ወጣችና ሻርፗን አስተካክላ ክምሩን አየችው። እዚያ ሥር የሆነ ቦታ ፈናን "አፈናችሁኝ!" እያለች ትጮሃለች።

"ሰኞ ልምምድ በስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም፤ እንደማንኛውም ሰው እየጮኸች፣ እላዩ ላይ ለመውጣት ወደ ክምሩ ሮጠች።